ውጭ ያደረው ሾርባ

ነርሷ ሳህኑን የብረት ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ሾርባው ተርፎ ፈሰሰ። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ይህን ለሕፃናት ክፍል የላከው ማነው?»

የሆስፒታሉ ኩሽና ምድር ቤት ነው። ድስት ሲጋጭ፣ ውኃ ሲንፏፏ፣ አየር ማውጫው ሲያጓራ ይውላል፤ ሰው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር የሚያወራው እየጮኸ ነው። በዚያች ደቂቃ ግን የሚሰማው አየር ማውጫው ብቻ ነበር። ለክረምት እዚያ የምትሠራው ልጅ የቁርስ ትሪ የተከመረበትን ጋሪ እየገፋች ከአሳንሰሩ ገና መውጣቷ ነው። ሽታው ከሳህኑ ተነስቶ እዚያው በሩ ላይ ተቀበላት። ታጥፎ የከረመ እርጥብ ጨርቅ የመሰለ፣ የኮመጠጠ ሽታ ነበር።

«አራት ልጆች አስመልሷቸዋል» አለች ነርሷ። «ትንሿ ከቀዶ ጥገና የወጣችው ትናንት ነው። ስፌቷ እንዳይፈታ ሆዷን ደግፈን ይዘንላት ነው ያስመለሳት። ለመሆኑ እናንተ አታሸቱም?»

ልጅቷ ጋሼ ጭልፋን አየቻቸው። የሕሙማን ሾርባ የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። ጭልፋቸውን ከእጃቸው ስለማይለዩ ስማቸው እሱው ሆኖ ቀርቷል። አሁንም ይዘውታል።

የኩሽናው ኃላፊ ከቢሮዋ ወጣች። ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብላ ቶሎ ቀና አለች።

«ይሄ ቀዝቃዛው ክፍል አላደረም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ማታ ማስገባት የማን ሥራ ነው?»

የዚያ ኩሽና ደንብ ግልጽ ነው። የነገው ሾርባ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይቀቀላል፤ በረድ ሲል እቃ አጣቢዋ ትልቁን ድስት በጋሪ ገፍታ ቀዝቃዛው ክፍል ታስገባዋለች፤ ጠዋት ጋሼ ጭልፋ ቀምሰው ያሞቁታል። ስለዚህ ሁሉም ወደ እቃ አጣቢዋ ዞረ። እሷን ደግሞ ምላጭ ይሏታል። ምላሷ ያልቧጨረው ሰው እዚያ ኩሽና ውስጥ የለማ።

«ኧረ ባክሽ!» አለች ምላጭ፣ ክንዷ እስከ ክርኑ አረፋ እንደለበሰ። «ልገፋው ስል ‹ገና ትኩስ ነው፣ ተይው፣ እኔው አስገባዋለሁ› ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ! ይንገሯት እንጂ፣ ምነው ዝም አሉ?»

ጋሼ ጭልፋ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ።

«እኔ እንጃ… አላስታውስም» አሉ።

«አላስታውስም? እግዜር ያሳይዎት!»

ልጅቷ ግን ታስታውሳለች። ትናንት የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ካሮት ስትልጥ ነበር። ምላጭ በአጠገቧ ስታልፍ «ተማሪዋ፣ እየላጥሽው ነው ወይስ ሐውልት እየቀረጽሽ ነው?» ብላ አስቃባታለች፤ ከዚያ ወደ ድስቱ ሄደች። «ተይው፣ እኔው አስገባዋለሁ» የሚለውንም ልጅቷ በጆሮዋ ሰምታለች።

«ሁለት ማስጠንቀቂያ አለሽ» አለቻት ኃላፊዋ ምላጭን። «ይሄ ሦስተኛሽ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ነይ። ከዚያ በኋላ እቃሽን ብትሰበስቢ ይሻላል።»

ምላጭ የክንዷን አረፋ በሽርጧ ጠረገች።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ነው እዚህ የገባችው። የመጀመሪያውን ሳምንት መላጥና ማጠብ ብቻ ነበር ሥራዋ። እጅጌዋን መሰብሰብ፣ ቢላ ይዞ አለመሮጥ፣ ያ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ወለል እንዳያንሸራትታት ጫማዋን ማሰር ያስተማሯት ጋሼ ጭልፋ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት በማንኪያ ሾርባ አቀረቡላት።

«ቅመሺ እስቲ። ምን ጎደለው?»

«ጨው… ትንሽ ጨው።»

«ጎበዝ! ሙያ የሚለመደው በምላስ ነው።»

በሒሳብ ከክፍሉ ከታች የምትቆጠር ልጅ «ጎበዝ» ስትባል ደስታዋ ልክ የለውም። ከዚያ በኋላ ሳይጠሯት መሄድ ጀመረች። ይኼኛው ወፍሯል፣ ያኛው አልበሰለም፣ ይሄ ወተት ዛሬ ደስ አላለኝም ትላለች። እሳቸው ይሰሟታል። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲሰማት የመጀመሪያዋ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ተሳሳተች። የጨውና የስኳር ቆርቆሮ አንድ ዓይነት ነው። የአትክልቱ ሾርባ ውስጥ አንድ እፍኝ ስኳር ጨመረች፤ ስታውቀው እየሮጠች ተመለሰች። ኃላፊዋ ድስቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ጋሼ ጭልፋ በጭልፋ ቀዱ፣ ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡና «ልክ ነው» አሉ። ኃላፊዋ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ስኳር ነው የጨመርኩበት።»

እሳቸው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» አሏት። «ትኩሳት ጣለኝ፤ እኔ ከአልጋ ስነሳ ምላሴና አፍንጫዬ እዚያው ቀሩ። የሚያቃጥል ነገር ማቃጠሉን አውቃለሁ። ሌላው ሁሉ እርጥብ ወረቀት ማኘክ ነው። አንቺ እስክትመጪ በግምት ነበር የማበስለው።»

ለካ በምላሷ ሲቀምሱባት እንጂ እየተማረች አልነበረም። ቢሆንም አዘነችላቸው፤ «እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም» ብላ ማለች። ልጆች በዋዛ የሚምሉት ነገር ያስፈራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጋሼ ጭልፋ ምድጃ የሚወጣ ነገር ሁሉ በእሷ ምላስ ያልፍ ነበር። ዛሬ ግን ጋሪ ገፊው ቀርቶ ትሪ እንድትሰበስብ ሦስተኛ ፎቅ ተላከች።

ነርሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ጭልፋ ድንች ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ጠሯት። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«በጣም ይሸታል?» አሏት።

«ከአሳንሰሩ በር ነው የሸተተኝ፣ ጋሼ።»

ግድግዳውን ተደገፉ።

«ጠዋት ስገባ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ሰው ከቀዝቃዛው ክፍል ያወጣልኝ መሰለኝ፤ እኔው መርሳቴ ትዝም አላለኝ። ስጥደው አንቺን ፈለግኩሽ፤ ፎቅ ላይ ናት አሉኝ። ከላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደወሉ፣ ልጆቹ ራባቸው አሉ። ምን ይሆናል ብዬ…»

«ታዲያ አሁን ለምን አላስታውስም አሉ?»

«እኔ ነኝ የረሳሁት ብል ቀጥሎ ምን ይጠይቁኛል? ‹እሺ፣ ጠዋትስ አልቀመሱትም?› አይሉኝም?»

ልጅቷ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«ምላጭን ሊያባርሯት ነው እኮ።»

«ምላጭ ጉልበት አላት፤ የትም ትገባለች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው እዚህ። ሌላ የማውቀው ቤት የለኝም፣ ልጄ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺም ዘጠኝ ቀን ነው የቀረሽ። ትምህርት ይከፈታል፣ ጓደኞችሽን ታገኛለሽ፣ ይሄን ሁሉ ትረሺዋለሽ።»

«ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማን ይቀምስልዎታል?»

ጋሼ ጭልፋ አንድ ድንች አነሱ፤ ቡቃያውን በአውራ ጣታቸው ገንጥለው ጣሉ። ሌላ ድንች አነሱ።

ቤት ስትገባ አያቷ እንደ ልማዷ መጀመሪያ እጇን ያዘች። ዘወትር ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳታገላብጥ አትለቃትም፤ የተቆረጠ፣ የተቃጠለ አለ ብላ ነው።

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ እማማ።»

«እጅሽስ ደህና ነው። ፊትሽ ምን ሆኖ ነው? ሰው ነካሽ? ማነው የነካሽ?»

«ማንም አልነካኝም፤ ኧረ ተይ!»

ራት ቀርቦ ሳትነካው ሲቀር ግን አወጣችው። ሁሉንም ተናገረች፤ መሐላዋን ብቻ ዘለለች። አያቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

«ዝም በይ» አለቻት ሲያልቅ። «አንቺ እዚያ ቤት እንግዳ ነሽ፣ ነገ የምትወጪ። በትልልቅ ሰዎች ጠብ መሐል ምን ጥልቅ አደረገሽ? ሰውየው ይጠሉሻል። ሴትየዋም አታመሰግንሽም። ዘጠኝ ቀን ናት፤ እንዲያውም ነገ አመመኝ ብለሽ ቅሪ፣ እኔ ደውዬ እነግርልሻለሁ።»

«እሺ።»

ያስጨነቃትን ነገር አያቷ ከትከሻዋ ያወረደችላት መሰላት፤ ሁለት ጉርሻ በላች። አያቷ ሳህኑን እያነሳች ሳለ ቆም አለች።

«ልጆቹስ? የበሉት ልጆች ዳኑ?»

«ሦስቱ ደህና ናቸው። ያቺ የተሰፋችው… አላውቅም።»

አያቷ ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችው። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለች። ልጅቷ አላወቀችም። አያቷ እቃ ስታጥብ ከወትሮው በላይ ቆየች።

በማግስቱ ልጅቷ አልቀረችም። አያቷም አልደወለችም፤ ልብሷን በር ላይ አስተካከለችላትና «ቀስ ብለሽ ተሻገሪ» ብቻ አለቻት።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ምላጭ ሳጥኗን ከፍታ እቃዋን በፌስታል ትሰበስባለች። አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ የእጅ ቅባት፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ታፈጫለሽ፣ ተማሪዋ? ሰው ሲባረር አይተሽ አታውቂም?»

«እትዬ… ያቺ ልጅ ምን ሆነች?»

«የቷ?»

«የተሰፋችው።»

ምላጭ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠችው። «ጠዋት መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው። ስፌቱ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ደግመው ሰፏት። እናቷ ዓይኔን አታይም። ልጇን ያሳመምኩት እኔ መስያት ነው። ሳስበው እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ጀመርኩ። ተይው ሲሉኝ ለምን ተውኩት? ገፍቼ አላስገባውም ነበር?» አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ሂጂ አሁን፣ ካሮትሽ ይጠብቅሻል።»

ልጅቷ ሽርጧን ሳታስር ወደ ኩሽናው ገባች። ጋሼ ጭልፋ አዲስ ሾርባ ጥደዋል። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ማንኪያ ቀድተው እፍ እፍ እያሉ ዘረጉላት።

«መጣሽልኝ! በይ እስቲ፣ ቶሎ።»

ቀመሰችው። ጥሩ ነበር።

«ደህና ነው» አለች። «ጋሼ፣ ቢሮ ልሄድ ነው።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

«ምላጭ የምትገባው ሦስት ሰዓት ነው። ከእሷ በፊት ልገባ ነው። ያቺን ሕፃን ደግመው ሰፍተዋታል። እኔ ከምናገረው… እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል።»

«ምለሻል እኮ» አሉ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

«ምያለሁ።»

ይቆጧታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን ዞረው እሳቱን ቀነሱ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ማማሰል ቀጠሉ። ሲያማስሉ ትከሻቸው የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ዓመት ድካም ያለበት ይመስል ነበር።

የኃላፊዋ ቢሮ በደረጃው ጫፍ ላይ ነው። በሩ አጠገብ አጭር አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅቷ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጋሼ ቢመጡ ብላ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ከጎኗ ተወች። የግድግዳው ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ከታች ድስት ተንኳኳ፣ ሰው ሳቀ፣ ውኃ ተከፈተ። አንድ ጊዜ የእግር ድምፅ የሰማች መሰላት፤ ደረጃው ላይ ግን ማንም አልነበረም። አምስት ደቂቃ ቆየች። አምስት ደቂቃ ጨመረች።

በሩ ተከፈተና ኃላፊዋ ብቅ አለች።

«ተማሪዋ? እኔን ነው የምትጠብቂው?»

ልጅቷ አንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ተመለከተች። ከዚያ ተነሳችና ገባች።