የአቶ ሐጎስ መንደር

ሰምሃል ከያፌት ጋር የተዋወቀችው ቀሚሷ አረንጓዴ ቀለም ከጠጣ በኋላ ነው። ከየካ አባዶ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ያልደረቀ ሥዕል ታቅፎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሲኤምሲ ሳይደርሱ ግማሹ ተራራ እጅጌዋ ላይ ተዛወረ።

«ተራራዬን ወሰድሽብኝ» አላት።

«ቀሚሴን አበላሽተህ ደግሞ ሌባ ታደርገኛለህ?» ብላ ልትቆጣ ጀምራ ሳቀች። ጉዱን ያመጣው ያ ሳቅ ነው። ዓመት ሳይሞላ ያለ እሱ መዋል አቃታት።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው አቶ ሐጎስ፣ «ለሆቴል ግድግዳ ገጠር የሚሥል ልጅ ነው ትዳር የሚይዘው?» ብለው ነገሩን ዘጉት። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ ሰምሃል አታገባም፤ ለያፌትም ቁርጡን ነገረችው።

ያፌት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልባቸውን ሊያራራ፣ የተወለዱበትን የትግራይ መንደር ሥሎ አንድ እሑድ ቤታቸው ይዞላቸው መጣ። ተራራው፣ በሬዎቹ፣ የደረሰው ገብስ፣ ከሥሩም ክብ ክብ የሣር ጎጆዎች።

አቶ ሐጎስ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ።

«ይሄ የማን አገር ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«የኛ ቤት ህድሞ ነው! ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ላዩ አፈር። ይሄን ጎጆ ከየት አመጣኸው?»

ያፌትን ላብ አጠመቀው። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም። ሆቴሎቹ ጎጆ ሲያዙኝ ገጠር ሁሉ እንዲህ መሰለኝ።»

«በል ይዘህልኝ ሂድ!»

ሰምሃል ሥዕሉን ቀድማ አይታ «ልክ የአባዬ አገር!» ብላ አጨብጭባለት ነበር። አፈረች፤ ከእፍረቷ ግን ፍቅሯ በለጠና ያፌት እንዳይወጣ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔም ጎጆ መስሎኝ ነበር። ስለ አገርህ አንድ ቀን አውርተህልኝ ታውቃለህ? እሱ ቢያንስ ሊያውቀው ሞከረ።»

አቶ ሐጎስ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ ወንበር ስበው ሥዕሉ ፊት ተቀመጡ።

«ብሩሽህን አምጣ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እሳቸው ያወራሉ፣ ያፌት ይሥላል። ጎጆዎቹ እየተሸፈኑ የድንጋይ ቤት ወጣባቸው፤ በአጥሩ ዙሪያ ቁልቋል በቀለ። ጣሪያው ላይ እህል ስለሚያሰጡት እናታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ሰለለ፤ ሰምሃል የአያቷን ነገር እንዲህ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያፌት ቀለም ሲቀላቅል ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷም ሰርቃ ታየውና ዓይኗን ወደ አባቷ ትመልሳለች። ደስታዋ አንዳንዴ ያስፈራት ነበር።

ሥዕሉ ያለቀ ቀን አቶ ሐጎስ ብዙ ቆመው አዩትና እንባቸውን ጠረጉ።

«ቤታችን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ያፌት ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ የማትልከው ምን ስትጠብቅ ነው? ደጅ አላስጠናቸውም፤ በመጡበት ቀን እሺ እላለሁ።»

«ኧረ ሐጎስ! ሁለት ሦስቴ ሳይመላለሱ? ሰው ምን ይለናል?» ብለው ጮኹ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃረገወይን።

ሰምሃልማ ሽማግሌ እስኪመጣም አልጠበቀች። እናትና አባቷ ፊት ያፌትን አንገቱን አቅፋ፣ እልልታውን ራሷ ጀመረችው።