ሦስተኛው ሐይቅ

«ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ አይደል?»

ሚጢ የፈተና ወረቀቷን ታላቅ እህቷ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው። «በአካባቢያችን ስንት ሐይቆች አሉ?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «ሁለት» የሚል ጎባጣ ጽሑፍ አለ፤ በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል።

«ቲቸር ምን አለችሽ?» አለች ታላቋ።

«ሦስት ናቸው አለች። መጽሐፉ ሁለት ይላል ስላት፣ መጽሐፉ አሮጌ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አታዪም ወይ አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ።» ሚጢ ቀዩን ኤክስ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ካርታውን የሳልሽው? ንገሪያት!»

ታላቋን ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። አምና የቤተ መጻሕፍቱን የውጭ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በካርታ ከሞላች ወዲህ «ብሩሽ» ተብላ ቀርታለች። ተራራውን በቡኒ፣ ደኑን በአረንጓዴ፣ የጨው ሜዳውን በነጭ፣ መዳብ የሚወጣበትን በብርቱካናማ ነጥብ፤ ሁሉንም የቀባችው ራሷ ናት። ወንዙ ላይ ስትደርስ ግን ብሩሹን የጣሳው ጠርዝ ላይ ሳትጠርግ አነሳችውና አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጠብታ ደኑ መሀል ዱብ አለ። ነገ አጠፋዋለሁ ስትል ካርታው የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። የሒሳብ ሰው የሆኑት ርዕሰ መምህር ወላጆች ፊት ጣታቸውን ቀስረው «ይቺስ?» ሲሏት፣ «ሐይቅ ናት» አለች። ተጨበጨበ። የሚያውቀውም ኩሬ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ዘንድሮ ከሩቅ ከተማ ተቀይራ የመጣችው የአራተኛ ክፍል መምህርት ግድግዳው ላይ ያለውን እውነት ብላ ማስተማር ጀመረች፤ ልጆቹም የተፈጥሮ ሀብት ዘርዝሩ ሲባሉ «የሦስተኛው ሐይቅ ዓሣ» እያሉ ይጽፋሉ።

በማግስቱ ብሩሽ ጉዷን ለጓደኛዋ ለራዲዮ ነገረቻት። ራዲዮ ስሟን ያገኘችው አፏ ስለማይዘጋ ነው።

«አታካብጂ!» አለቻት። «ቅዳሜ መጥተን፣ ማንም ሳያይ አረንጓዴ ለቅለቅ እናደርግበታለን። አለቀ ደቀቀ!»

«የሚጢ ኤክስስ?»

«አንድ ማርክ ናት! አሁን ብትናገሪ የአዲሱን አዳራሽ ግድግዳ ይሰጡሻል? ለሌላ ነው የሚሰጡት።»

ይህ እውነት ነበር። ብሩሽ ያን ነጭ ግድግዳ ከታጨችለት ቀን ጀምሮ በሕልሟም በውኗም ስትቀባው ነው የከረመችው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ታሪክ ነበር፤ ርዕሱም ቅኝ ግዛት። ሽማግሌው መምህር ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«መጀመሪያ የመጣው ወታደር እንዳይመስላችሁ። ኩባንያ ነው የመጣው፤ መዳብና ጣውላ ፈልጎ። ኩባንያው ካርታ የሚያነሳ ሰው ላከ። ሰውየውን ወባ ጣለውና ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ወንዙን በግምት ሳለው። ከኮረብታው ወዲያ የሚፈሰውን ወንዝ ወዲህ አመጣው። ኋላ ወሰን ሲከለል፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው መሬት የኩባንያው ነው ተባለ።»

«ሰዉ ዝም አለ?» አለ አንድ ልጅ።

«ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ቅኝ ገዢዎቹ ሹም ሄዱ። ወንዙ ያውና፣ ልጆቻችን የሚዋኙበት፣ ኑና እዩት አሉ። ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሳ ካርታውን አሳያቸው። ካርታው እንዲህ አይልም አላቸው። ግጦሹም ውሃውም በዚያው ሄደ።»

«ካርታውን የሳለውስ?» ብሩሽ ሳታስበው ጠየቀች። «ሲሻለው አልተናገረም?»

«ሲሻለው ወንዙን በዓይኑ አይቷል። ግን ካርታው ተወዶለት ተሸልሞ ነበር። እንዴት ብሎ ይናገር?»

ራዲዮ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ብሩሽ ግን አፍራ አንገቷን ደፋች። «ኑና እዩት» ያሉትን ሽማግሌዎች ስታስብ የታየቻት ሚጢ ናት፤ መጽሐፏን ይዛ፣ ክፍሉ በሙሉ እየሳቀባት።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ግቢ ውስጥ ብሩሾቹን በጋዝ ያጥባል። ቀለም ቀቢ ነው።

«አባዬ፣ የደኑ አረንጓዴ ተርፎ ነበር?»

አባቷ መደርደሪያው ሥር እጁን ሰደደና ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ጣሳ አወጣ። «ይኸው። እንዳትደርቅ በየወሩ እያማሰልኩ ነው ያቆየኋት።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቀብቼ ጠብታና ሐይቅ የማልለይ መሰለሽ?» ሳቀ። «መቼ እንደምትጠይቂኝ ብቻ ነው ያላወቅኩት።» የቀለም መፋቂያውን አቀበላት። «መጀመሪያ ፋቂው። ላዩ ላይ ብትቀቢበት እብጠቱ ያሳጣሻል። ቅዳሜ መጥቼ መሰላል ልያዝልሽ?»

ብሩሽ መፋቂያውን አገላብጣ አየችው። «አይ፣ ቅዳሜ አይደለም። ነገ፣ በእረፍት ሰዓት።»

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ግቢ በልጆች ተሞልቷል። ብሩሽ መሰላሉን ወጣች፤ ሚጢ ከታች በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘችላት። የመጀመሪያው ሰማያዊ ቅርፊት ረግፎ የሚጢ ፀጉር ላይ ሲያርፍ፣ የአራተኛ ክፍሏ መምህርት እየሮጠች መጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሐይቁን ልታጠፊው?»

«ሐይቅ አይደለም ቲቸር።» የብሩሽ ድምፅ ለግቢው ሁሉ በቃ። «ከብሩሼ ያመለጠ ጠብታ ነው። ሐይቅ ናት ያልኩት ዋሽቼ ነው። ሚጢ ልክ ነበረች።»

መምህርቷ ግድግዳውን አየች፤ ቀጥሎ ሚጢን አየች፤ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች።

«ነይ፣ ወረቀትሽን አምጪልኝ» አለቻት ቀስ ብላ።

«አሁን አልችልም ቲቸር» አለች ሚጢ፣ እጆቿን ይበልጥ እያጠበቀች። «መሰላሉን ከለቀቅኩ እህቴ ትወድቃለች። ስትጨርስ አመጣለሁ።»

ብሩሽ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና መፋቋን ቀጠለች።