ከቀይ ክሩ ወዲህ

ይሄ ተረት አይደለም። እመኑ አትመኑ፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔ ከራሷ ከዶክተር የዝናሽ አፍ ሰምቼ፣ ደብተሯንም በዓይኔ አይቼ ነው የምነግራችሁ።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ኅዳር 12 ቀን። አሶሳ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል።

አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። የዝናሽ ብቻዋን ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆማ መሳቢያ ትከፍታለች...

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው። ውኃ አምጡላት፣ አፈር አምጡላት፣ ጸጉር አምጡላት፤ በማሽኗ ብርሃን አሳልፋ ውስጡ ምን ብረት እንዳለ ትነግራችኋለች። ወርቅ አውጪዎቹ የሚጠቀሙበትን ሜርኩሪማ እንደ ስሟ ነው የምታውቀው።

ከመሳቢያው ያወጣችው ፖስታ ውስጥ ያለው ጸጉር የታናሽ እህቷ ነው። የብሩክታይት።

ብሩክታይት ባምባሲ ከተማ ከአውጪዎቹ ወርቅ ትገዛ ነበር። ወርቁን ከሜርኩሪው ለመለየት ጓዳዋን ዘግታ ከሰል ላይ ታነድደዋለች። ጭሱን ስትምግ ኖራ፣ ግንቦት ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ያኔ የዝናሽ ከማጅራቷ ጥቂት ጸጉር ቆረጠችላት። በሥሩ በኩል ጫፉ ላይ በቀይ ክር ቋጠረችው። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ሥሩ በየት በኩል እንደሆነ ካልታወቀ ወሩ አይለይም።

"እታለም፣ መቼ ትነግሪኛለሽ?" አለቻት ብሩክታይት።

"በሳምንት ውስጥ።"

"ሥራውን ልተወው ወይስ...?"

"ውጤቱ ይምጣና።"

ውጤቱ አልመጣም። የዝናሽ ለጉባኤ የምታቀርበው ጥናት ነበረባት። ዛሬ ነገ ስትል ነሐሴ ገባ። ነሐሴ 20 ቀን ብሩክታይትን ቀበሩ።

የዝናሽ አላለቀሰችም። ሲበሉ ትበላለች፣ ሲተኙ ትተኛለች፣ እግዜር ያጥናሽ ሲሏት አሜን ትላለች። በድን ሆነች በቃ። ውስጧ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ በጊዜው ለክቼው ቢሆን ትተርፍልኝ ነበር?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉ ይሆናል። እሷም ለራሷ እንደዚያው ብላለች።

ፖስታው ላይ በገዛ እጇ ጽፋበታለች። "ግንቦት 12። ዘጠኝ ሴንቲሜትር።"

ማስመሪያ አስጠጋች...

አሥራ አምስት።

ደግማ ለካች። አሥራ አምስት።

ክሩን አየችው። ቋጠሮው የራሷ ነው፣ አልላላም። ግን ያኔ ጫፉ ላይ ነበር። አሁን ከክሩ ወዲህ፣ በሥሩ በኩል፣ ስድስት ሴንቲሜትር ጸጉር አለ...

ከግንቦት እስከ ኅዳር ስድስት ወር ነው።

"ተሳስቼ ይሆናል የጻፍኩት" አለች። እንኳን ልትጮህ ልቧም አልደነገጠም። ጓንት አጠለቀች። ጥቂት ዘለላ መዝዛ በየሴንቲሜትሩ ቆራረጠች፣ አሲድ ውስጥ አሟሟች፣ ከአሮጌው ጫፍ ወደ ሥሩ እየሄደች ብልቃጦቹ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ቁጥር ጻፈች። ስም አልጻፈችም። ደንባቸው ነው፤ የሚለካው ሰው የማን እንደሆነ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ባልደረባዋ ፈየራ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ አሳለፈ። ዜሮ። ማሽኑ ደህና ነው።

እስከ ዘጠነኛው ብልቃጥ ድረስ ሜርኩሪው እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ፈየራ ከንፈሩን መጠጠ።

አሥረኛው... ዝቅ አለ።

አሥራ አንደኛው... ከዚያም ዝቅ።

አሥራ አምስተኛው ላይ ፈየራ ፈገግ ብሎ ዞረ።

"ዶክተር፣ ይሄ ሰው ዕድለኛ ነው!"

"ምን አየህ?"

"የዛሬ ስድስት ወር ሊሞት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከጭሱ ወጥቷል። በጊዜው የነገረው ሰው አለ ማለት ነው። ይዩት፣ አሁን ድኗል።"

የዝናሽ ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ገለበጠች።

"የማን ነው?"

"የብሩክታይት።"

ፈየራ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጧል። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እሷን'ኮ..." አለ በሹክሹክታ። "እሷን'ኮ እኔ ራሴ..."

"አውቃለሁ።"

ፈየራ የዚያን ቀን ወጥቶ ወደዚያ ክፍል ዳግመኛ አልገባም።

የዝናሽ ግን ጸጉሩን አልጣለችውም፣ አልቀበረችውም። "አንቺ፣ አያስፈራሽም?" ብላት "መልሱን ፈልጌ አልነበር? ይኸው አገኘሁት" አለችኝ፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በየወሩ በ12 አውጥታ ትለካዋለች። በየወሩ አንድ ሴንቲሜትር። ፖስታው ስላልበቃው በነጭ ጨርቅ ጠቅልላዋለች።

ባለፈው ወር ጠራችኝና መዳፌ ላይ ዘረጋችልኝ።

ጸጉሩ ለብ ያለ ነበር።

"ከሥሩ በኩል እይ" አለችኝ።

ብሩክታይት ስትሞት ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አንድም ሽበት አልነበራትም።

ከጥቁሩ መሃል አንዲት ዘለላ ነጭ ሆና ወጥታለች...