የሳሎን ቀበሮ

«አስካለ፣ ይቺ ቀበሮ ስበላ ታፈጥብኛለች!» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ በሩን እንኳ በቅጡ ሳይከፍቱት። «እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ነው የሚቆምብኝ። አንድ በያት እንጂ!»

ቀበሮዋ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከተሣለው የጅብራ ተክል ሥር ተጋድማለች። እውነተኛ ቀይ ቀበሮ ከጠፋ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ከዳር እስከ ዳር ጣራ በለበሰችው ከተማ ግን ነፍሰ ቀለም ያልተቀባ ቤት የለም። ነፍሰ ቀለም ማለት አውሬው በሕይወት ሳለ የተቀዳ ደመ ነፍሱ፣ አደኑም ፍርሃቱም፣ የተለወሰበት ቀለም ነው፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ እንደልቡ ይኖራል። የከተማው ግድግዳ ሁሉ የሚቀዳው ከአንድ መዝገብ ስለሆነ፣ አንድ ቤት የተስተካከለ ነገር በየቤቱ ይስተካከላል።

አስካለ አስተካካይ ናት፤ ሥራውን ከያዘች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቀስ እያለች ስታሻሽ አውሬው ይለዝባል። መጀመሪያ ደም አስጠላን ተባለ፣ ደሙን አጠፋች። ከዚያ ጩኸቷ ሕፃን ቀሰቀሰ። ከዚያ አይጥ ስታሳድድ የሰው ራስ አዞረች፣ ማሳደዱንም አጠፋች። አሁን ደግሞ ዓይኗ! ሰው መቼም ዱሩ ቤቴ ይግባልኝ ይላል፤ ሲገባለት ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ ይለዋል።

የቀበሮዋን ዓይን ወደ መሬት አስደፍታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የጠፉ እንስሳትን ከተቀመጠ ሴል የሚያስወልደው ላቦራቶሪ ኃላፊ፣ ዶክተር ቢተው ነበሩ።

«ቶሎ ድረሺልኝ። ያስወለድናቸው ቀበሮዎች እያለቁብን ነው!»

ስትደርስ ከአምስቱ ቡችሎች ሦስቱ ጨርቅ ተጥሎባቸዋል። የቀሩት ሁለቱ በረታቸው ውስጥ ቆመው፣ አይጥ በእግራቸው መካከል ሲሯሯጥ ጭራቸውን ይቆላሉ። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ሥጋ አይነኩም» አሉ ዶክተሩ። «በቱቦ ያጠጣናቸውን መልሰው ይተፉታል። ኑሮ የምታስተምራቸው እናት የላቸውም፤ ስለዚህ ደመ ነፍሱን ከግድግዳው መዝገብ ወስደን ጭንቅላታቸው ውስጥ አስገባን። ምኑ ጎደለ?»

አስካለ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር። አደኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«የፊተኛው ቅጂስ?»

«ሲስተካከል የፊተኛው ይጠፋል። የትም የለም።»

ዶክተሩ ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። የተረፈ ሴልም አልነበራቸውም። እኩለ ቀን ሳይሆን ትንሹ ቡችላ ጭራውን እየቆላ ወደቀና በዚያው ቀረ። አንዲት ሴት ቡችላ ብቻ ቀረች።

ወይ ጉድ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኛ አመስግኗት፣ ሥራዋ ይኼ ሆነ? አስካለ የበረቱን በር ከፍታ ገባች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እናት የላቸውም አላሉኝም?»

በእጅና በጉልበቷ ተንበረከከች። ያጠፋችውን ሁሉ ከራሷ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ማድባቱን፣ ዘሎ መጫኑን፣ ማጅራት መያዙን። አንዱን አይጥ ሳተችው። ሁለተኛውን ስትስት አገጯ ከወለሉ ተላተመ። ዶክተሩ «በቃ፣ ተይው!» ይላሉ፤ እሷ አልሰማችም። አራተኛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችውና ዓይኗን ጨፍና ማጅራቱን ነከሰች። አይጡ መንፈራገጡን እስኪተው ድረስ ጥርሷን አላላላችም፤ ከዚያ ቡችላዋ ፊት ጣለችው።

የቡችላዋ ጭራ ቆመ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጠፈ፣ የጀርባዋ ፀጉር ተነሳ። እስከ ጥግ ድረስ አፈገፈገችና ጥርሷን አገጠጠች፤ አይጡን ሳይሆን አስካለን እያየች። ብዙ ቆየች። በኋላ ዓይኗን ከአስካለ ላይ ሳትነቅል እየተሳበች መጥታ፣ አይጡን ነጥቃ ጥጓ ገባች። አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

«በላች! አስካለ፣ በላች እኮ!» ዶክተሩ ሳቅም ለቅሶም ያዛቸው። «ነይ ውጪ፣ ታጠቢ። ተማረችልሽ!»

አስካለ አንዴ ብቻ ልትደባብሳት እጇን ዘረጋች። ቡችላዋ አጉረመረመችባት። እጇን ሰበሰበች።

«መጀመሪያ የተማረችው መብላቱን አይደለም» አለች፣ በእጅጌዋ ደሙንም እንባዋንም እየጠረገች።

«ምኑን ታዲያ?»

«እኛን መፍራቱን ነው። አደራ፣ ዶክተር፣ ይህንን ማንም እንዳያስተካክልባት።»