ከወንዝ የወጣ የሠርግ ውሃ

የክረምቱ ውሃ ከጎደለ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንዙን ሲያጸዳ የነበረው የሰፈሩ ሰው የጥርስ ሐኪሟን የሙሽራ ፎቶግራፍ ከጭቃ ውስጥ አወጣ። ፎቶግራፉ አንድ አልነበረም። በታሸጉ የውሃ ጠርሙሶች ላይ የታተመ፣ በመቶዎች የሚቆጠር አንድ ዓይነት ፈገግታ ነበር። ከጎኗ የቆመውን ወንድ ፍቅረኛዋ የሆነው በያጅ አያውቀውም።

በማግስቱ በያጁ እቤቷ ሄዶ አባቷን «ልጅዎን ይስጡኝ» ብሎ ሊጠይቅ ቀጠሮ ነበረው።

ሁለቱ የተዋወቁት እዚሁ ወንዝ ዳር ነው። እሱ ለሰፈሩ አዲስ ነበር፤ ከድልድዩ በታች የብየዳ ቤት በተከራየ ሰሞን የወንዝ ጽዳት ኮሚቴው ጠርቶት፣ ፕላስቲክ የሚያግት የብረት ወንፊት ውሃው ላይ ተከለ። እሷ የኮሚቴው ሊቀመንበር ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ትወርዳለች። ያኔ ሽታው ስለሚከብድ ሁሉም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን ነበር። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን እንጂ ፊት አያውቁም ነበር።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አላት አንድ ቀን፣ በወንፊቱ ብረቶች መካከል የተወተፈ ፌስታል እየጎተተ።

«የጥርስ ሐኪም ነኝ። አንተስ?»

«እኔም እንዳንቺው ነኝ። ፊቴን ሸፍኜ ሰው የሚፈራውን ድምፅ አሰማለሁ።»

ሳቋ በዓይኖቿ ብቻ ታየ። ቆይታ ውሃ ልትጠጣ ጭንብሏን ስታወርድ፣ እሱ ፈጥኖ ፊቱን አዞረ፤ ያልተፈቀደለትን ነገር እንዳየ ሰው። እሷ ያን መዞር ከማንኛውም ምስጋና አብልጣ ያዘችው።

ኮሚቴው አንድ ደንብ ነበረው፤ ያወጣውም አባቷ ነው። ከወንዙ የተገኘ ቆሻሻ የማን እንደሆነ የሚናገር ምልክት ካለው፣ ከድልድዩ አጥር ሥር ይደረደራል። ባለቤቱ በቀን፣ በእጁ እስኪያነሳው ድረስ ማንም አይነካውም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ስሙ የታተመባቸውን ፌስታሎች ሊለቅም የመጣ ዕለት፣ ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» የሚሏት ልብስ ሰፊ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ዳቦውን ሲሸጥልን ቁመቱ ይሄን ያህል ነበር፤ ዛሬ አንገቱ የት ገባ?»

ሊቀመንበሩ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ይከለክል ነበር። «ወደ ወንዙ መታጠፊያ አትውረዱ። ገደሉ ይናዳል፤ ሰው ይጎዳብኛል» ይላል። ሁሉም እንደ አባት ስጋት ተቀብሎት ኖረ።

በዚያ ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ስለነበረው ዘገየ። የክረምቱ ጎርፍ መታጠፊያውን ግማሽ በግማሽ ንዶት ነበር፤ ከተናደው አፈር ውስጥ አንዳች ነገር በፀሐይ ያበራል። በያጁ ወረደና አካፋውን ሰነዘረ። አፈሩ እንደ በር ተከፈተ፤ ጠርሙሶቹም እየተንከባለሉ እግሩ ሥር ቆሙ።

አልተከፈቱም። ውሃቸው እንደጠራ ነው። የተጠቀለለባቸው ወረቀትም ሽፋኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለሙ አልለቀቀም፤ ነጭ ልብስ፣ አበባ፣ የሁለት ሰው ፈገግታ።

«ይቺ… እሷ ናት?» አለ በያጁ።

የመለሰለት የለም። ሬዲዮ እንኳ ማዳበሪያዋን እንደያዘች ቀረች። የማንም ዓይን የማንንም ዓይን አልፈለገም፤ ከዚያ ዝምታ በያጁ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ተረዳ፤ አዎ፣ እሷ ናት፤ ሁሉም ደግሞ ያውቅ ነበር።

እሷ ከላይ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ስትወርድ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አንዱን ጠርሙስ አነሳች። ጭቃውን በጓንቷ ጠረገች። የገዛ ፊቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ይሄ ሆስፒታል ነው ያለው» አለች።

«ምን?» አለ በያጁ።

«ይሄ ውሃ ለሆስፒታል ተሰጥቷል። በሽተኞች ጠጥተውታል።» ድምፅዋ የተማረችውን ትምህርት እንደምትደግም ተማሪ ነበር። «አባቴ ነው የነገረኝ።»

ቀስ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱም ከጎኗ ተቀመጠ፤ በመካከላቸው ግን ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወ። ይህን ቦታ ከዚያ ቀን በፊት ትቶት አያውቅም።

«ባል ነበረሽ?»

«ባል ሊሆነኝ ሳምንት የቀረው ሰው ነበረኝ። ‹አልችልም› ብሎ ጻፈልኝና ሄደ። አዳራሹ ተከፍሎ፣ ውሃው ታትሞ፣ ሁሉ ነገር አልቆ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ያውቃል።»

«እኔ ብቻ ነኝ እንግዳው።»

«አንተ ብቻ ነህ ‹አይዞሽ› በሚል ዓይን አይተኸኝ የማታውቀው» አለች። «ያን ዓይን ማጣት ፈርቼ ዝም አልኩ።»

በያጁ አንድ ጠርሙስ አነሳና በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ይልጥ ጀመር። ሁለተኛውንም ላጠ። ሙሽራዋንም ሙሽራውንም እየጨመደደ ኪሱ ውስጥ ይከታል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ፎቶው ከሌለ ተራ ጠርሙስ ነው። ድልድዩ ላይ አይወጣም።»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ አይቶ እንዳላየ ይለፈን።»

እጇን በእጁ ላይ አሳረፈች። የሁለቱም ጓንት ጭቃ ነበር። «አትላጥ» አለችው። «የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ስሙን የሚልጥለት አላገኘም።»

ሊቀመንበሩ የደረሰው ሰዉ ጠርሙሶቹን በማዳበሪያ እየሞላ ወደ ድልድዩ ሲያወጣ ነው። ከላይ ሆኖ «ማን ወደዚያ ውረዱ አላችሁ?» ሲል ድምፁ የወትሮው ነበር። ልጁን ሲያይ ግን ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

«አባዬ፣ ሆስፒታሉ የትኛው ነበር?» አለችው።

አባትየው ጠርሙሶቹን አየ። «ጭኜ ሄጃለሁ። እውነቴን ነው፤ እስከ በሩ ደርሻለሁ። ዘበኛው ጠርሙሱን አየና ‹እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሙሽራዋ ልጅዎ ናት?› አለኝ።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «መልስ አጣሁ። መኪናውን አዞርኩ።»

«እዚህ ቀበርከው።»

«እንዳታዪው ብዬ። ደግሞም እንዳያዩሽ።»

«ኮሚቴውስ?»

ይህን ስትጠይቅ አንድም ሰው አካፋ አላነሳም። ሊቀመንበሩ ወደ ወንዙ ተመለከተ፤ ቆሻሻ ይጥሉበት የነበረ፣ አሁን ግን ልጆች የሚዋኙበት ወንዝ ነው።

«ሌሎች ወንዙን ሊያጸዱ ነው ሲባል ሰማሁ» አለ። «እዚህ ጋ እንዳይቆፍሩ የሚያዝ ሰው መሆን ነበረብኝ። መጀመሪያ ለዚያ ነበር። ኋላ ግን ወድጄው ነው የሠራሁት።»

የሰሙት ሁሉ ደነገጡ፤ ለወትሮው ቀድማ የምትናገረው ሬዲዮ ማዳበሪያዋ ላይ ተቀምጣ «እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም» አለች። በሕይወቷ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ከቀትር በኋላ በሊቀመንበሩ ቤት ማዕዱ ሳይነካ ተነሳ። ከአባቷ ጋር የምትኖረው አክስቷ በመስኮት ወደ ድልድዩ ታያለች፤ አላፊ አግዳሚው ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣ ፎቶውን ያያል።

«በያጅ እሳት ይዞ ይመጣል ብዬ ስፈራ፣ ውሃ ይዞ መጣ» አለች አክስትየው።

«እሱ ምን አደረገ፣ እታለም?» አለች ሐኪሟ።

«ቆፈረ። ሰው የቀበረውን መቆፈር ማን አስተማረው?»

አባትየው ልጁን ወደ ጓዳ ጠራት። እስከ ትናንት ድረስ ስለ በያጁ ባነሳች ቁጥር «ሐኪም አድርጌ ያስተማርኩሽ ለብረት ቀጥቃጭ ነው?» ይላት የነበረው ሰው፣ አሁን እያያት አይናገርም።

«ያ ልጅ ሳይመሽ ጠርሙሶቹን ከዚያ ያንሳልኝ። ፒክአፕ አለው፤ ወስዶ የትም ያድርገው። ነገ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው፤ እሺ እለዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ክረምቱን በሙሉ የለመነችው እሺታ ነበር። በዚህ ተለውጦ እጇ ይገባል ብላ ግን አስባ አታውቅም። አባቷን እንዲህ ዝቅ ብሎ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ብየዳ ቤቱ ስትደርስ በያጁ ፌሮ ይቆርጥ ነበር። ብልጭታው እስኪያበቃ በሩ ላይ ቆመች። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አያት፤ አባቷ ያለውን አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረችው።

«መኪናው ነዳጅ አለው» አለ በያጁ በመጨረሻ። «አንሳ ካልሽኝ አነሳለሁ። አታንሳ ካልሽኝም አላነሳም። ፊቱ ያንቺ ነው።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ።» መቁረጫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ትወጂው ነበር?»

ልትዋሸው ትችል ነበር፤ ውሸቱም ይቀለው ነበር።

«እወደው ነበር።»

አንድ መኪና በጎዳናው አለፈ፤ ሌላም አለፈ። በያጁ ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀ።

«ደግ» አለ። «ሳልወደው ላገባው ነበር ብትይኝ ነበር የምፈራሽ።»

«አሁን አትፈራኝም?»

«‹አፍህን ክፈት› እስካላልሽኝ ድረስ።»

መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ወደ ልቅሶ ዞረ። በመካከላቸው የነበረውን ክፍት ቦታ እሱ ተሻገረው። ብረት ብረት የሚሸተው ደረቱ ላይ ግንባሯን አሳረፈች።

«ጠዋት አጠገቤ ስትቀመጥ ራቅ ብለህ ነበር» አለችው።

«ደንግጬ ነው። አሁንም እንደደነገጥኩ ነው። ግን ደንግጬም እወድሻለሁ።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አባቷ ነበር፤ ተከትሏት መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ከቤት እስከዚህ የመጣው በድልድዩ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ያየው ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ ወንበር አለ» አለ በያጁ።

«አልቀመጥም፣ ልጄ።» ይህን ቃል ለእሱ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «መልስሽን ልሰማ ነው።»

እሷ በያጁን አየችው። «አንቺ ተናገሪ» አላት። «ያልሽው የኔም ነው።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ድምፅዋ ሲወጣ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«ጠርሙሶቹ እዚያው ይቆያሉ፣ አባዬ። በቀን መጥተህ አንተ ታነሳቸዋለህ፤ ብዙ ስለሆኑ እኛ እንሸከምልሃለን። ነገ እሱ ለልመና አይመጣም። በወሩ መጨረሻ እንጋባለን።»