ሚጡ የተባለችው

በማኅበራዊ ሳይንስ ፋኩልቲው ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ግማሹን ሳምንት በክፍል፣ ግማሹን ደግሞ ከፋኩልቲው ጀርባ ባለው ሰፈር ያሳልፍ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ መምህርት፣ በጥናት ስም ሰው ቤት ገብቶ፣ ጠይቆ፣ መልሱን ይዞ መጥፋትን አጥብቀው ይጠላሉ። «ሰውየውን የማታግዙት ከሆነ ኑሮውን አትጠይቁት» ይሉ ነበር።

ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹ አንዷ ወደ ሰፈሩ በወጣችበት የመጀመሪያ ቀን፣ ገና መንገዱን እንኳ ሳትለይ፣ ባዶ የቆዳ ቦርሳ በትከሻቸው ያንጠለጠሉ ሽማግሌ መጥተው እጇን ያዙ።

«ሚጡ፣ የት ጠፍተሽ ነው? ምሳ እንኳ ሳትበዪ» አሏት።

አብረዋት የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። እሷ ግን እጇን ማስለቀቅ አልሆነላትም። ሽማግሌው አጥብቀው ይዘዋት ነበር። ሌላ የምትለው ስለጠፋት «ቤት እንሂድ» አለቻቸው። ቤቱን ያሳየቻቸው አንዲት ጎረቤት ነች።

በሩን የከፈተው እስከ ቅንድቡ የእንጨት ብናኝ የለበሰ ወጣት አናጺ ነበር። የፊተኛውን ክፍል ለሥራ፣ የኋለኛውን ለመኖሪያ አድርጎታል። አባቱን ሲያይ እፎይ አለ። ሽማግሌው «ሚጡን አገኘኋት» ሲሉት ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

አባቱን አስቀምጦ ውሃ ካጠጣቸው በኋላ እስከ ደጅ ሸኛት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «አባቴ ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ሥራ ይወጣል።»

«ሚጡ ማናት?»

«እህቴ። የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገልብጦ ሞተች። ስነግረው ዛሬ እንደሞተች ሆኖ ያለቅሳል፣ በማግስቱ ረስቶ የት ሄደች ይለኛል። አሁን መንገሩን ትቼዋለሁ።»

ተማሪዋ ዓመቱን ሙሉ የምታግዘው ቤተሰብ እንድትመርጥ ስትጠየቅ ያንን ቤት መረጠች።

መጀመሪያ ላይ ሽማግሌውን «አንተ» ማለት አፏን ያዛት። ሚጡ ግን አባቷን አንቱ ብላ አታውቅም ነበርና ለመደችው። እሷ ስትመጣ ሽማግሌው ይረጋጋሉ፣ ያቀረበችላቸውን ይበላሉ፣ ወደ ጎዳና መውጣቱንም ይተዋሉ። አናጺው ያን ጊዜ ብቻ ሥራውን ሳይሳቀቅ ይሠራል።

«ፋኩልቲው ደመወዝ ይክፈልሽ እንጂ» አላት አንድ ቀን ጠረጴዛ እየላገ።

«ውጤት ይሰጠኛል።»

«ስንት?»

«ያንተን ባሕርይ መቻሌን ጨምረው ከቆጠሩልኝ ሙሉ።»

ሲስቅ ጥርሱን ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እንዲስቅ ስትል ብቻ ብዙ ነገር መናገር ጀመረች።

በሰፈሩ የመርሳት ሕመም ያለበት ሽማግሌ ወይም አሮጊት የሚያስታምም ቤተሰብ ብዙ መሆኑን ተማሪዎቹ ደረሱበት። ከነዋሪዎቹ ጋር ተመካክረው የሰፈሩን አዳራሽ የቀን ማረፊያ አደረጉት። ወንበሮቹን የሠራው አናጺው ነው፤ አረጋውያኑ ተደግፈው እንዲነሱ ለእያንዳንዱ ወንበር የእጅ መደገፊያ አበጀለት። እሷ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ እንጨቱን ታለሰልሳለች። አንዳንዴ ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል አይታወቅም፤ ብቻ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስንጥር ጣቷ ላይ ተሰካ። ሽማግሌው በኋለኛው ክፍል ተኝተዋል። አናጺው እጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ስንጥሩን በወረንጦ ነቀለላት። እጇን ግን አልለቀቀም። መዳፏን ሳመው፣ ቀጥሎም ከንፈሯን።

ቀና ሲሉ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እህትህን?» አሉ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር። «የገዛ እህትህን?»

ሽማግሌው ቁርስ መብላታቸውን እንኳ እስከ ምሳ የሚረሱ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ያዩትንም በማግስቱ ምን እንደሆነ አያውቁትም። አብሯቸው የቀረው ስሜቱ ብቻ ነው። ከልጃቸው እጅ እህል አልቀምስ አሉ። እሷና እሱ በአንድ ክፍል ሲሆኑ መሐላቸው ገብተው ይቀመጣሉ።

አናጺው መቻል አቅቶት አንድ ጠዋት በፊቷ ነገራቸው።

«አባዬ፣ ሚጡ ሞታለች። ይቺ ሌላ ልጅ ናት። እወዳታለሁ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ የሰሙትን ብቻ ያዙ። «መቼ ሞተች?» አሉ። «እኔ ሳልቀብራት?» መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሷ ደጅ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

«መጣሁ፣ አባዬ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት ዕንባቸውን ጠረጉ። አናጺው ፊቱን አዞረ።

«እንጠብቅ» አላት ሲሸኛት። ምኑን ብላ አልጠየቀችም።

ጉዳዩን ለመምህርቷ ነገረቻቸው። «መጠበቁን ትችይው ይሆናል» አሏት። «የምትጠብቁት ግን የሰው ሞት ነው፣ ልጄ። ይህን አስበሽበታል?»

ተመረቀች። ፋኩልቲው ረዳት መምህር አድርጎ አስቀራት፣ የቀን ማረፊያውንም እንድትመራ ሰጣት። ዓመታት እንደዋዛ ሄዱ። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ የሰው አባት ስታስታምሚ የራስሽ ዕድሜ አለፈ» ይሏት ጀመር። እሷና አናጺው በሽማግሌው ፊት ወንድምና እህት ሆኑ። ሌላ ቦታ ሲገናኙም ቀስ በቀስ ወሬያቸው የመድኃኒት፣ የአንሶላ፣ የምግብ ሆነ። ሽማግሌው ባሳሉ ቁጥር ሁለቱ ይተያዩና ቶሎ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

አንድ ጊዜ የሽማግሌው ሳንባ ታመመ። ሐኪሙ «ተዘጋጁ» አለ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሰነበቱ፣ እጁ እጇ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ እየሳቀች «አባባ ተሻላቸው፣ ምግብ ጠየቁ» አለቻቸው።

ሁለቱም ወዲያው አልተነሱም። እሱ እሷን አየ፣ እሷም እሱን። በፊቱ ላይ ያየችው ቅሬታ በገዛ ደረቷ ውስጥ እንዳለ ገባት። እጁን ለቀቀች። ነርሷ ግራ ተጋብታ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለች።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ብዙ ቆዩ። የሞቱት በአንድ ጸጥ ያለ ማለዳ፣ የሷን እጅ ይዘው ነው። ለቀስተኛው ሁሉ እሷን ልጃቸው አድርጎ ከአናጺው ጎን አስቀመጣት። «እግዜር ያጽናሽ፣ አባትሽ መልካም ሰው ነበሩ» እያለ አጽናናት። ሁለቱም አላረሙትም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በባዶው የሥራ ክፍል ተቀመጡ። መጋዙና መላጊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የሚከለክላቸው ሰው የለም።

«ትንፋሹ ሲቆም» አለ አናጺው፣ «መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እንጋባለን አልኩ። ገና ሰውነቱ ሳይቀዘቅዝ።»

«እኔም ብያለሁ» አለችው።

«ሆስፒታል ያለን ጊዜም…»

«ተወው።»

«አልተወኝም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ያን ኮሪደር አያለሁ። አንቺስ?»

ልትዋሽለት ፈለገች። አፏን ከፍታ ሁሉ ነበር። ለአባቱ ስንት ዓመት እንደዋሸች አስባ መዋሸቱን ተወችው። እሱ አቀርቅሮ አለቀሰ። ልታቅፈው ተነሳች፣ ግን እንደ ሚስት ትቀፈው ወይስ እንደ እህት አላወቀችም። ክፍሉ መሐል ላይ ቆማ ቀረች።

ቤቱን ሸጦ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ሲወስን አልከለከለችውም። በሄደበት ቀን ዕቃ ልታግዘው መጣች። እንጨቱን፣ መሣሪያውን፣ የአባቱን አልጋ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ጫኑ። ሹፌሩ ገመዱን እያጠበቀ፣ ለወሬ ያህል፣

«እህትህ ናት?» አለው።

አናጺው ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«አይደለችም» አለ።

ሹፌሩ «ታዲያ ምንህ ናት?» ብሎ ጠበቀ። አናጺው ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ። መኪናው ተነስቶ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ የቀን ማረፊያው የሚከፈትበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዕንባዋን ጠርጋ ወደ አዳራሹ ሄደች።