«እህቴ ናት» ያለኝ ቀን

ሕሩይ መጀመሪያ ያየኝ ኳሷ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ደባርቅ፣ ከሜዳው ዳር የባቄላ እሸት እሸጥ ነበር። የኮሌጅ ልጆች ሲጫወቱ ኳሷ መጥታ እሸቴን በተነችው። ልብሴን ሰብሰብ አድርጌ ቁጭ አልኩባት።

«የኔ እመቤት፣ ኳሷን» አለ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

«መጀመሪያ እሸቴን ልቀም።»

«ጨዋታው ቆሞ?»

«ይቁም!»

ተንበርክኮ ለቀመ። ጓደኞቹ ያፏጫሉ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሳይርበውም እሸት ይገዛኝ ጀመር።

አባቱ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ዳባት ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው በቁምጣ መሮጡ ያሳፍራቸው ነበር። እሱ ግን በመስመር በኩል ኳስ ይዞ ከሄደ የሚደርስበት የለም። ለጥር ሽማግሌ ሊልክብኝ ቃል ሰጠኝ።

ከባሕር ዳር አንድ የክለብ አሰልጣኝ ሊያየው የመጣ ቀን እኔም ከሕዝቡ መሃል ቆምኩ። የኳስ ነገር አላውቅም። አንዱ ጠልፎ ጣለው። እግሩን ይዞ ተንከባለለና ዝም አለ። በእኛ አገር እንደዚያ ወድቆ ዝም ላለ ሰው ይለቀስለታል። ነጠላዬን አሸርጬ፣ ደረቴን እየደቃሁ ሜዳው መሃል ገባሁ።

«ወየው ሕሩዬ! ገደሉብኝ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ሳይቀር ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። ሕሩይ ብድግ አለ፤ ምንም አልሆነም።

አሰልጣኙ ጠራው። «ማናት? ሚስትህ ናት እንዴ? እኛ ካምፕ የምናስገባው ላጤ ነው።»

ሕሩይ መሬት መሬት እያየ «እህቴ ናት» አለ።

ከሳቁ ሁሉ ያቺ ቃል አቃጠለችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ደጃችን መጣ።

«ተመረጥኩ። ነገ እሄዳለሁ።»

ፊቴን አዞርኩ።

«ማንጠግቦሽ፣ አብርሃምም እኮ ሣራን እህቴ ናት ብሏል።»

«እሱንማ እኔም ቤተ ክርስቲያን ሰምቻለሁ። ሣራን ንጉሡ ቤተ መንግሥት አስገባት። እኔን ማን ያስገባኛል? እህትህን ደግሞ አታገባም።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ለዚያው ለዋሸኸው ሰው፣ በጓደኞችህ ፊት እውነቱን ንገረው።»

«ቢያስቀረኝስ?»

«ትቀራለህ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ሳይሰናበተኝ ሄደ።

አልሄድም ስል አድሬ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄድኩ። ሕሩይ ከአሰልጣኙና ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል፤ ሲያየኝ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ወደ አሰልጣኙ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ። እህቴ አይደለችም። የማገባት እሷን ነው።»

«ያቺን አልቃሽ?»

«አዎ፣ እሷን።»

ጓደኞቹ ተንጫጩ። አሰልጣኙ ግን አልሳቀም።

«ካምፕ ላጤ ነው ብዬሃለሁ። ውድድሩ እስኪያልቅ ትታገሥህ እንደሆነ ጠይቃት።»

መናኸሪያው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በእሺታ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

«አልሰማንም!» አለ አንዱ ጓደኛው።

«እታገሣለሁ!» ብዬ ጮህኩ። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ።

ውድድሩ አልቆ ሲመለስ በቁርባን ተጋባን። ያን የመናኸሪያውን ቀን ግን በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብሎ እጁን ሲያውለበልብልኝ፣ ከሃፍረቴ የተነሣ ቀና ብዬ አላየሁትም። ያየ ሰው ነው የነገረኝ።